ዳቦው ለምን አልደረሰም?

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ጦር ላወራ ነው የመጣሁት፤ ስለ ጀግንነት ግን ብዙ አትጠብቁ። የማወራው ስለ ዱቄት፣ ስለ ጫማ፣ ስለ አጋሰስና ስለ ደረሰኝ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው። ጊዜው ከነፃነት ጦርነቱ ማግስት አንስቶ እስከ 1818 ያለው ሠላሳ ምናምን ዓመት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

በጁን 1784 ኮንግረስ ጦሩን በተነ። ስንት ወታደር የቀረ ይመስላችኋል? 80። 25ቱ ፎርት ፒት፣ 55ቱ ዌስት ፖይንት የሚባሉ ምሽጎች ላይ ተመደቡ። ሥራቸው የመንግሥት ዕቃ መጠበቅ ነበር። እንግሊዝን የሚያህል መንግሥት ተዋግቶ ያሸነፈ አገር እጁ ላይ የቀረው ሰማንያ ዘበኛ ነው ማለት ነው። በማግስቱ ደግሞ ኮንግረስ ከአራት ግዛቶች 700 ሚሊሺያ ለአንድ ዓመት እንዲዋጣ ጠየቀ። ቋሚ ጦር ላለማለት የማይደረግ ነገር አልነበረም።

ምን ነክቷቸው ነው? ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፍርሃት ነው። እነዚህ ሰዎች የንጉሥ ወታደር ከተማቸው መሀል ሰፍሮ አይተዋል። ቋሚ ጦር ያለው መንግሥት አንድ ቀን በሕዝቡ ላይ ይዞራል ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ሁለተኛው ባዶ ኪስ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የታተመው የወረቀት ገንዘብ ዋጋ አጥቶ መሳቂያ ሆኗል። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕዳ ብቻ ነው።

የስንቅ ችግሩ በነፃነት ጦርነቱ ጊዜም ነበር። በ1777 መጨረሻ የዋሽንግተን ጦር ለክረምት ቫሊ ፎርጅ ሲሰፍር ወደ 2,000 የሚሆን ሰው ሞቷል። አብዛኛው የሞተው በበሽታ ነው። የሚገርመው አገሩ ውስጥ እህል አልጠፋም ነበር። የጠፋው ጋሪው፣ ፈረሱ፣ መንገዱ፣ ደግሞም ኃላፊው ነው። ናትናኤል ግሪን የሚባለው ጄኔራል በማርች 1778 ኳርተርማስተር ጄኔራል፣ ማለትም የጦሩ ዕቃና መጓጓዣ ኃላፊ፣ እንዲሆን ተለምኖ፣ እያጉረመረመ ተቀበለ። በታሪክ ውስጥ የኳርተርማስተር ስም ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም ብሎ ለዋሽንግተን ጽፎለታል። እውነቱን ነው። ዛሬም የግሪን ስም የሚነሳው በደቡብ ባደረጋቸው ውጊያዎች ነው፤ ስለሰበሰበው ጋሪ ማንም አያወራም።

በ1781 ሮበርት ሞሪስ የገንዘብ ኃላፊ ሆነና አንድ መላ አመጣ። መንግሥት ራሱ እህል አይግዛ፣ አያጓጉዝ፣ አያከፋፍል አለ። ጨረታ እናውጣ፤ ነጋዴ ይምጣ፤ የአንድ ወታደር የአንድ ቀን ቀለብ በዚህ ምሽግ በዚህን ያህል ሳንቲም አቀርባለሁ ብሎ ይዋዋል፤ እኛ እንከፍላለን። ለዚያ ጊዜ ይህ ብልህ ሐሳብ ነበር። ብዙ ሹመኛ ቀነሰ። ሒሳቡም ቀለለ። ጦርነቱ አብቅቶ፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት ጸድቆ፣ በኦገስት 1789 የጦር መሥሪያ ቤቱ በሕግ ሲቋቋምም ይኸው ውል ቀጠለ።

ቀለቡ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የ1790 ሕግ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። በቀን አንድ ፓውንድ የበሬ ሥጋ ወይም ሦስት አራተኛ ፓውንድ የአሳማ ሥጋ፤ አንድ ፓውንድ ዳቦ ወይም ዱቄት፤ ትንሽ መለኪያ ረም የሚባል አረቄ ወይም ውስኪ። ለመቶ ሰው ቀለብ ደግሞ ጨው፣ ኮምጣጤ፣ 2 ፓውንድ ሳሙናና 1 ፓውንድ ሻማ። ደመወዙ በወር 3 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ 90 ሳንቲም ለልብስ፣ 10 ሳንቲም ለሕክምና ይቆረጥበታል። እጁ የሚገባው 2 ዶላር ነው። ልብሱን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ነው የሚሞተው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ውሉ ውስጥ ነው። ነጋዴው የሚያተርፈው መቼ ነው? ዱቄት ሲረክስና መንገዱ አጭር ሲሆን ነው። ጄኔራሉስ የሚፈልገው ምንድን ነው? ጫካ ገብቶ ሩቅ መሄድ፤ ከመሄዱም በፊት ብዙ ስንቅ ማከማቸት። ጦሩ በራቀ ቁጥር የነጋዴው ትርፍ ይመነምናል። ስንቅ አስቀድሞ መከማቸቱም ለነጋዴው ገንዘቡን አስሮ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ገና ከመነሻው ተቃራኒ ናቸው። ክፋት አያስፈልግም፤ የንግድ ስሌት ብቻ ይበቃል። ደግሞም ነጋዴው ወታደር አይደለም። ጄኔራሉ ሊያዘውም ሆነ ሊያስረው አይችልም። ነጋዴው ካላቀረበ ጄኔራሉ ራሱ ገዝቶ ሒሳቡን በነጋዴው ላይ ማስመዝገብ ይችላል ይባላል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ጫካ ውስጥ ከማን ነው የሚገዛው?

አሁን ወደ 1791 እንሂድ።

ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ያለው አገር የማያሚ፣ የሾኒ፣ የዴላዌርና የሌሎች ሕዝቦች ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ግን መሬቱን ሸጦ ዕዳውን ሊከፍልበት አስቧል። ባለቤቶቹ እምቢ አሉ። በ1790 ጄኔራል ጆሳያ ሃርማር ዘመተባቸውና ተመትቶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ተራው የአርተር ሴንት ክሌር ሆነ። ሴንት ክሌር የዚያው ግዛት አስተዳዳሪ ነበር። ዕድሜው ገፍቷል፤ ሪህም ያሠቃየዋል።

የቀለቡ ውል መጀመሪያ በሌላ ነጋዴ ስም ነበር። በ1791 መጀመሪያ ላይ ግን ወደ ዊልያም ዱዌር ተላለፈ። ዱዌር ማን መሰላችሁ? የአሌክሳንደር ሃሚልተን ምክትል ሆኖ ገንዘብ ሚኒስቴር ሠርቶ የወጣ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የማያውቀው ትልቅ ሰው የሌለ ሰው ነው። ኦሃዮ አካባቢ በመሬት ሽያጭ ገብቶበታል። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ኖክስም የንግድ ሸሪኩ ነበር። ሁለቱ በዚያው ዓመት ሜይን ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ለመግዛት አብረው ይሯሯጡ ነበር። ልብ በሉ፤ ቀለቡን የሚያቀርበው ሰውና ቀለቡ መድረሱን መቆጣጠር ያለበት ሚኒስትር ሸሪኮች ናቸው። በዚያ ዘመን ይህ ወንጀል አልነበረም። ቅሌት እንኳ አልነበረም፤ ገና ወደፊት ነው ቅሌት የሚሆነው።

ዱዌር ከመንግሥት ቅድሚያ ክፍያ ወሰደ። ገንዘቡ ፈረስና በሬ መግዣ ነበር። አብዛኛው ግን ወደ መሬትና ወደ አክሲዮን ግዢ ሄደ። ድንበር ላይ ያለው ወኪሉ የሚጽፍለት ደብዳቤ በሙሉ የሚጠይቀው ገንዘብ ነው። እጁ ባዶ ነበር።

ሌላው ሰው ሳሙኤል ሆጅደን ነው፤ ኳርተርማስተሩ። ድንኳን፣ መጥረቢያ፣ ጥይትና ጋሪ የሱ ኃላፊነት ነው። ጦሩ የተሰበሰበበት ቦታ ዛሬ ሲንሲናቲ ያለችበት ፎርት ዋሽንግተን ነበር። ሆጅደን ግን በጋውን ፊላደልፊያና ፒትስበርግ አሳልፎ ሴፕቴምበር ላይ ደረሰ። ጦሩ በጁላይ መዝመት ነበረበት። የመጣው ዕቃም ጉድ ነው። ድንኳኑ ያፈሳል። መጥረቢያው እንጨት ላይ ሲያርፍ ይታጠፋል። ጫማው ሳምንት አይቆይም። ጠመንጃው ጥገና፣ ጥይቱም አዲስ ሥራ ስለፈለገ ሴንት ክሌር ወታደሮቹን አንጥረኛ፣ አናጺና ጥይት ሠሪ አድርጎ ከረመ። ሊለማመዱበት የሚገባቸው ጊዜ በሙሉ በዚህ አለቀ።

በሴፕቴምበር አጋማሽ ተነሡ። መንገድ የለም፤ በዚያ መጥረቢያ ዛፍ እየቆረጡ ነው የሚሄዱት። ፎርት ሃሚልተንን ሠሩ፤ ቀጥሎ ፎርት ጀፈርሰንን። ውርጭ መጣ፤ ሣሩ ደረቀ፤ ፈረሶቹ ይሞቱ ጀመር። ፈረስ ሲሞት ዱቄት አይመጣም። ለስድስት ወር የተቀጠሩት ወታደሮችም ጊዜያችን አለቀ እያሉ መሄድ ጀመሩ። ኦክቶበር 31 ቀን 60 የሚሆኑ ሚሊሺያዎች ከድተው ወደ ኋላ ተመለሱ። የዱቄቱ ቅፍለት ደግሞ በዚያው መንገድ እየመጣ ነው። ከጂዎቹ እንዳይዘርፉት ተሰጋ። ሴንት ክሌር ያለውን ምርጥ ጦር፣ አንደኛውን ክፍለ ጦር፣ ቅፍለቱን እንዲጠብቅ ወደ ኋላ ላከ።

ይህን ውሳኔ ብዙዎች ይወቅሱታል። እኔ አልወቅሰውም። ዱቄቱ ከተዘረፈ ጦሩ ያልቃል። ዳቦ ለማዳን ነው ጦሩን የከፈለው። እዚህ ያደረሰው ግን ፊላደልፊያና ኒው ዮርክ የተሠራው ሥራ ነው።

ኖቬምበር 4 ቀን 1791 ንጋት ላይ ዋባሽ ወንዝ ዳር ተከበበ። የተዋጉት በሊትል ተርትልና በብሉ ጃኬት የሚመሩት ሕዝቦች ናቸው፤ ወደ 1,000 ይሆናሉ። ከሴንት ክሌር ጋር የቀረው 1,400 ገደማ ነበር። ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ከ600 በላይ ወታደሮች ሞቱ። ጦሩን ተከትለው ከመጡት ሴቶችና ልጆችም ብዙዎች አለቁ። የአሜሪካ ጦር ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር ባደረጋቸው ውጊያዎች ሁሉ ይህን ያህል ተሸንፎ አያውቅም። ያ የተላከው አንደኛ ክፍለ ጦር በሰዓቱ አልነበረም።

ወሬው ፊላደልፊያ ሲደርስ ምክር ቤቱ ተናወጠ። በማርች 1792 መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮንግረስ በሥራ አስፈፃሚው ላይ ያደረገው የመጀመሪያው ምርመራ ይህ ነው። ኮሚቴው የጦር መሥሪያ ቤቱን ወረቀት አምጡ አለ። ዋሽንግተን ካቢኔውን ሰበሰበ። ምክር ቤቱ ወረቀት የመጠየቅ መብት አለው ወይስ የለውም? ካቢኔው መጠየቅ ይችላል፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ለሕዝብ ጉዳት የሚያመጣውን ማስቀረት ይችላል የሚል መልስ ይዞ መጣ። ወረቀቶቹም ተሰጡ። ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ በየጊዜው የምናየው የሰነድ ስጡን አንሰጥም ጭቅጭቅ የተጀመረው በታጠፈ መጥረቢያና ባልደረሰ ዱቄት ነው።

ኮሚቴው ሴንት ክሌርን ነፃ አወጣ። ጥፋቱን በኳርተርማስተሩና በኮንትራክተሩ፣ ማለትም በቀለብ አቅራቢው በዱዌር፣ ላይ አደረገ። ኖክስና ሆጅደን ሳንሰማ ተፈረደብን ብለው ጮኹ፤ ጉዳዩ እንደገና ታየ። በ1793 የተሻሻለ ሪፖርት ቀረበ። ምክር ቤቱ ምንም ሳይወስን ተወው። ሆጅደንም ከመንግሥት ሥራ አልጠፋም። በ1794 የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኖ እናገኘዋለን! ዱዌር ግን አልቀናውም። በማርች 1792 ከሠረ፤ ገበያውንም ይዞ ወደቀ። ድሮ በገንዘብ ቦርድ ሲሠራ ያጎደለው ከ200,000 ዶላር በላይ ሒሳብም ተነሣበት። ባለዕዳ እስር ቤት ገባ። እስከሞተበት እስከ 1799 ድረስ፣ ከጥቂት ጊዜ በቀር፣ እስረኛ ነበር። የታሰረው ግን ለሞቱት ወታደሮች አይደለም፤ ለዕዳው ነው።

መንግሥት ከዚህ ምን ተማረ? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ሁልጊዜ ትንሽ ያናድደኛል። የተማረው ገንዘቡን የበለጠ መጠበቅን ነው። በሜይ 1792 በወጣው ሕግ የጦሩ ግዢ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተዛወረ። ለጦር መሥሪያ ቤቱ ልዩ ሒሳብ ሹም ተሾመለት። በ1795 የመንግሥት ዕቃ ገዢ የሚባል ሹመት ተፈጠረ። አሁን ጫማ የሚገዛው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሚያከማቸው ሌላ፣ የሚያጓጉዘው ሌላ፣ ሒሳቡን የሚያየው ሌላ ሆነ። ደረሰኝ አይጠፋም። ጫማው ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። በዚህ ሁሉ መሀል ቀለቡ ያኔም በኮንትራክተር ነበር።

አንቶኒ ዌይን ከሴንት ክሌር ቀጥሎ ጦሩን ሲረከብ ነገሩ ገብቶታል። ያለ ስንቅ አልንቀሳቀስም አለ። ሁለት ዓመት ፈጀ። ኮንትራክተሮቹ ኤሊየትና ዊልያምስ በየምሽጉ እንዲያከማቹ አዘዘ፤ እነሱ የዕለቱን ብቻ ያመጡለታል። ተጨቃጨቁ። በኦክቶበር 1793 እህል የጫኑ ጋሪዎቹ መንገድ ላይ ተጠቅተው 15 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ፤ ፈረሶቹም ተነዱ። በዚህ ጊዜ ዌይን ኳርተርማስተሩን ጀምስ ኦሃራን በኮንትራክተሮቹ ሒሳብ ፈረስና መጓጓዣ እንዲያዘጋጅ አደረገ። በሴንት ክሌር የጦር ሜዳ ላይ ፎርት ሪከቨሪን ሠራ። ኦገስት 20 ቀን 1794 ፎለን ቲምበርስ ላይ ያሸነፈው ከአንድ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ውጊያ ነው። ሁለት ዓመት ዱቄት ተከማችቶ፣ ውጊያው አንድ ሰዓት። ከኮንትራክተሮቹ አንዱ ኤሊየት ራሱም በዚያው ዓመት በስንቅ መንገዱ ላይ ተገደለ። ሁሉም ኮንትራክተር ኒው ዮርክ ተቀምጦ አልበላም፤ ይህን ለፍትህ ስል ልናገር።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ኖቬምበር 8 ቀን 1800 የጦር መሥሪያ ቤቱ የተከራየው ቤት በእሳት ተቃጠለ። የ1780ዎቹና የ1790ዎቹ መዝገብ አብሮ ነደደ። ውል፣ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ ሁሉም። ይህን ሁሉ ታዲያ ከየት አውቀን ነው የምናወራው? ደብዳቤ ሁለት ጫፍ አለው፤ ላኪና ተቀባይ። የቢሮው ቅጂ ቢቃጠል የተቀባዩ ይቀራል። በኛ ዘመን ቨርጂኒያ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ የታሪክ ባለሙያዎች በየቤተ መዛግብቱ የተበተኑ ከ40,000 በላይ ሰነዶች ቅጂ ለቅመው ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። ከሚገኘው ወረቀት ብዙው ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ ሒሳብ ማወራረድና ስለ መኖ ነው። ጦርነት ውስጥ ያለ መንግሥት ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ጄፈርሰን ሥልጣን ሲይዝ ቁጠባው ባሰ። የ1802 ሕግ የኳርተርማስተሩን ክፍል ጭራሽ አፍርሶ በሦስት የጦር ወኪሎችና በረዳቶቻቸው ተካው። ያው ሕግ ዌስት ፖይንት ላይ የጦር አካዳሚ አቋቁሟል። መኮንን እናስተምራለን፤ የሚያበላውን ግን እናባርራለን እንደማለት ነው።

በ1809 ጄኔራል ጀምስ ዊልኪንሰን 2,000 ያህል ወታደር ከኒው ኦርሊንስ በታች፣ ሚሲሲፒ ዳር ባለ ረግረጋማ ቦታ አሰፈረ። ዱቄቱ የነቀዘና የሻገተ ነበር። ወባና ተቅማጥ ገባ። የጦር ሚኒስትሩ ዊልያም ዩስቲስ ከሩቅ ሆኖ ወጪ ቀንሱ ይላል። ግማሽ ያህሉ ሞተ ወይም ከዳ። ጠላት አንድ ጥይት አልተኮሰም። ኮንግረስ መረመረ፤ ዊልኪንሰንን ማንም አልቀጣውም። ይህ ሰው በድብቅ ከስፔን ደመወዝ ይበላ እንደነበር ኋላ ተረጋግጧል፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ይወጣዋል።

ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የ1812 ጦርነት ሲመጣ ኮንግረስ ተደናግጦ ኳርተርማስተርን መለሰ፤ ከጎኑ ደግሞ የግዢ ኮሚሳሪ የሚባል ፈጠረ። የማን ሥራ የት እንደሚያበቃ ሕጉ አልለየውም። ቀለቡ አሁንም ውል ነው። በ1813 መጨረሻ ጄኔራል አንድሩ ጃክሰን ከክሪክ ሕዝቦች ጋር ሲዋጋ ኮንትራክተሮቹ አላደረሱለትም፤ የተራቡት የቴነሲ ወታደሮች ወደ ቤታችን ብለው ተነሡ። ጃክሰን ጠመንጃ ይዞ መንገድ ላይ ቆመባቸው። ጠመንጃው የተሰበረ ነበር ይባላል።

ነገሩን የለወጠው ይኸው ጃክሰን ነው፤ ማለትም እንደገና መራቡ። በማርች 1818 ወደ ፍሎሪዳ ሲዘምት ፎርት ስኮት የሚባለው ምሽግ 1,000 የሚሆን ሰው ይዞ ደረሰ። ኮንትራክተሩ ስንቅ አላስገባም። ለአንድ ሰው የደረሰው ጥቂት በቆሎና የሦስት ቀን ሥጋ ነው። የጦር ሚኒስትሩ አሁን ጆን ካልሁን ነው፤ ከተሾመ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ካልሁንን ስለ ባርነት በተናገረው ነገር የምንጠላበት በቂ ምክንያት አለን። የመሥሪያ ቤት ሥራ ግን ያውቅ ነበር።

ኤፕሪል 14 ቀን 1818 በወጣው ሕግ የቀለብ ክፍል ተቋቋመ፤ ጆርጅ ጊብሰን ኃላፊው ሆነ። ነጋዴ አልተባረረም። ዱቄቱን የሚሸጠው አሁንም ነጋዴ ነው። ግን በጅምላ ወደ መጋዘን ያስገባል፤ ጥራቱ ተመርምሮ ይረከቡታል፤ ሥራው እዚያ ያበቃል። ከመጋዘኑ እስከ ወታደሩ አፍ ያለውን የሚይዘው የጦር መኮንን ነው። መኮንኑ የሚታዘዝ፣ በጦር ፍርድ ቤት የሚቀጣ፣ ዋስ አስይዞ የሚሠራ ሰው ነው። ለዱዌር ደብዳቤ ነበር የሚጻፍለት፤ ለዚህኛው ትእዛዝ ይሰጠዋል።

በሜይ ወር ደግሞ ቶማስ ጄሳፕ ኳርተርማስተር ጄኔራል ሆነ። እሱ እስከሞተበት እስከ 1860፣ ጊብሰን እስከ 1861 ቦታቸው ላይ ቆዩ። አርባ ምናምን ዓመት ማለት ነው። ይህ ራሱ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ሽማግሌዎቹ አልነሣ ብለው የርስ በርስ ጦርነቱ ዋዜማ ላይ ተደረሰ። ቢሆንም በነሱ ጊዜ እያንዳንዱ መኮንን በየጊዜው ሪፖርት ይልካል፤ መጋዘን ውስጥ ስንት በርሜል ዱቄት እንዳለ ዋሽንግተን ሆኖ ማወቅ ተቻለ።

ኮንግረሱስ? ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ሬሳ አይቶም ሙሉ በሙሉ አላመነም። የቀለብ ክፍሉን ያቋቋመው ለሙከራ፣ ለ5 ዓመት ብቻ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ አራዘመ፤ ደግሞ አራዘመ። ቋሚ ያደረገው በ1835 ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።